ከጅማ ቀጥሎ ያለው ሙሽራ

ላልተወለደ ልጅ ስም አውጥቶ፣ ያልታረደ በሬ ቅርጫ ደልድሎ የሚያድር ሕዝብ ቢፈለግ ሩቅ መሄድ አያሻም፤ ቢቸና፣ ገበያው ዳር፣ እኔ ቤት ጎራ ማለት ይበቃል። ደንበኛው አካሄድ ተፈትኖ፣ አልፎ፣ ከዚያ የት ልግባ ማለት ነበር። እኛ ዘንድ መጀመሪያ ዩኒቨርሲቲ ይመረጣል። ቀጥሎ በተመረጠው ዩኒቨርሲቲ ምክንያት ዘመድ ይኳረፋል። ከዚያ የተኳረፈው ይታረቃል። ፈተናው የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፤ ያውም መንገድ ክፍት ከሆነ።

አትፍረዱብን። ነገ የሚባል ነገር እንዲህ በተወደደበት ዘመን፣ ሰው ነገን አንደኛና ሁለተኛ ብሎ ከፍሎ ሲይዘው ትንሽ እንቅልፍ ይወስደዋል። አንደኛው ቢጠፋ ሁለተኛው አለ። ሁለተኛውም ቢጠፋስ? ይህን የሚጠይቅ ሰው ሟርተኛ ይባላል። የሰፈራችን ሟርተኛ እኔ ነኝ።

እኔ ማለት በርበሬና ቅመም ቸርቻሪ። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ማንበብን ግን ያስተማረኝ መጠቅለያ ወረቀት ነው። ቅመም የምጠቀልልበት ወረቀት ከአሮጌ መጽሐፍ የተገነጠለ ስለሆነ ሳላነበው አልጠቀልልበትም፤ ደንበኛ ቆሞ ይጠብቃል፣ እኔ ገጹን እጨርሳለሁ። በዚህ መንገድ ብዙ ታሪክ አውቃለሁ፤ መጨረሻውን ግን አትጠይቁኝ። መጨረሻውን አንዷ ከኮረሪማ ጋር ይዛው ሄዳለች።

ልጄ ማስተዋል የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነበረች። ተማሪ የሚለውን ቃል በልኩ ያዙልኝ። አሥራ አንደኛን በተኩስ፣ አሥራ ሁለተኛን በሩጫ ነው የጨረሰችው። የፊዚክስ መምህሯ ለበዓል እናቱ ዘንድ እንደሄደ መንገድ ተዘጋበትና እዚያው ቀረ፤ የፊዚክስ መጽሐፉም እሱ በተወው ገጽ ላይ ቀረ። የቀረውን እንደምንም ራሷ አነበበችው፤ መብራት ሲኖር በመብራት፣ ሲጠፋ በእኔ ስልክ ባትሪ። ፋርማሲ ነበር መማር የምትፈልገው። ምነው ፋርማሲ ብላት፣ «መድኃኒት የለም ብለው ሲመልሱን ለምን እንደሌለ የሚነግረን የለም፤ እኔ ቢያንስ ምክንያቱን አውቄ የለም እላለሁ» አለችኝ። ምላሷ ከማን እንደወጣ አትጠይቁኝ።

የክፍል ኃላፊ መምህራቸው፣ ቅጹ ሲመጣ እንዳትደናበሩ ከቤተሰብ ተመካክራችሁ አንደኛና ሁለተኛ ምርጫችሁን አዘጋጁ ብሎ ነገራቸው። ተመካከሩ አለ እንግዲህ! እንዲህ ያለ ቃል ለጎጃሜ ይነገራል? እሑድ ከቅዳሴ መልስ ቤቴ በመካሪ ጢም አለ።

ዩኒቨርሲቲ በእኛ አገር እንዴት እንደሚመረጥ ልንገራችሁ፤ ዘመድ እየተቆጠረ ነው። ባለቤቴ ታደለ፣ አንደኛ ደብረ ማርቆስ ይሁን አለ፤ የእኅቱ ባል እዚያ ስለሚኖር ልጅቱ ቅዳሜ ቅዳሜ የቤት ሽሮ ትበላለች። የንስሐ አባታችን መምሬ ላቀው ጎንደር አሉ፤ አብረዋቸው ቅኔ የዘረፉ ሰው እዚያ አሉና እንደ ልጃቸው ያዩአታል። ሰውየው በሕይወት አሉ ወይ ብዬ ብጠይቅ፣ «አንች ሴት፣ ምላስሽን!» አሉኝ፤ ይኸውም የቀብሩን ወሬ እንዳልሰሙ ብቻ የሚያስረዳ መልስ ነው። ጎረቤቴ ሐዋ፣ ጨርቅ ነጋዴዋ፣ ሐዋሳ ይሁን አለች። ዘመድ አላት? የላትም። «ሐይቅ አለው ይሉኛል። ይች ከሲታ ዓሣ ትብላና ትወፍር» አለች። ከዚያ ጎንደር ከሐዋሳ ጋር ተጣላ፣ ማርቆስ ሊያስታርቅ ገባ፣ ድምፅ ከፍ አለ። ፋርማሲ የሚለውን ቃል ያነሳ አንድ ሰው አልነበረም።

ለመሆኑ አንችስ ብለው የጠየቋት ውሃ ልታቀብል በገባች ጊዜ ነው። «ጅማ» አለች። ጅማ ማን አለን አለ አባቷ። ማንም አለችው። ታዲያ? «ማንም ስለሌለን ነው፣ አባየ። ትንሽ ኮሽ ባለ ቁጥር ነይ ተመለሽ እሚለኝ ዘመድ የሌለበት፣ ልመለስ ብል እንኳ መንገዱ እሚያታክት ቦታ ልሂድ። አንድ ነገር ጀምሬ ልጨርስ» አለች።

ሲታሰብ የሚያስለቅስ ምክንያት ነው፤ እኛ ግን ጊዜ አልነበረንም፣ መጨቃጨቅ ነበረብን። ወደ ማታ ግድም አንደኛ ማርቆስ፣ ሁለተኛ ጅማ ተብሎ ጉባኤው ተበተነ። መምሬ ላቀው ተቀይመው ጠላቸውን ሳይጨርሱ ሄዱ።

ሽማግሌ የመጣው ይህ በሆነ በሳምንቱ ነው፤ ከሞጣ። ሞጣ ላይ ቆርቆሮና ሚስማር የሚሸጥ አንድ ልጅ፣ ለዘመድ ሠርግ በሄድንበት ጊዜ ማስተዋልን አይቷት ኖሯል። መጥፎ ልጅ አይደለም አሉኝ። መጥፎ አይደለም ሲባል ልብ በሉ፤ ጥሩ ነው የሚል ሰው ተፈልጎ አልተገኘም ማለት ነው።

ሽማግሌ በእኛ አገር በር ላይ ይቆማል። ግቡ ቢሉት አይገባም፣ ተቀመጡ ቢሉት አይቀመጥም፣ የመጣሁበት ሳይሰማ እህል ውሃ አልቀምስም ይላል። የቤቱ አባወራ ደግሞ እምቢ አይልም፤ ሽማግሌን እምቢ ማለት ነውር ነው። እሺም አይልም፤ ቶሎ እሺ ማለት ልጅን ማርከስ ነው። ዘመድ ላማክር ይልና ቀን ይቆርጣል። በዚህ ጊዜ ሁሉም ሰው መልስ እንደተሰጠ ያውቃል፤ መልሱ ምን እንደሆነ የሚያውቅ ግን የለም። ትልልቅ አገሮች ይህን ብልሃት ዲፕሎማሲ ብለው ደመወዝ ይበሉበታል፤ እኛ በነፃ እንሠራዋለን።

መሪያቸው አቶ ይስማው የልጁ አጎት ናቸው። ረዥም፣ ጋቢያቸው የነጣ፣ ፊታቸው ውሸት የማይሆንለት ሽማግሌ። ታደለ እንደ ሥርዓቱ ዘመድ ላማክር ሊል ሲሰናዳ በጓዳ በኩል ጠቀስኩት። «ዘመድ አትበል፤ የእኛ ዘመድ እስከ ነገ ጧት አማክሮ ያድራል። ልጅቱ ፈተና አለባት፣ ውጤቷ ይምጣና እንነጋገር በላቸው» አልኩት። እንዳልኩት አለ። አቶ ይስማው ደስ አላቸው። «ውጤት መጠበቅማ የአዋቂ ነው። እኛም ውጤት እንጠብቃለን» ብለው መርቀውን ሄዱ። እንዴት ያሉ ጨዋ ሰው ናቸው አልኩ።

ሐዋ ስትሰማ፣ «አንችስ ፓርላማ ነበር እሚገባሽ» አለችኝ። እኔም ኮራሁ። ጊዜ ገዛሁ ብዬ ነዋ! ልጄ ታልፋለች፣ ትሄዳለች፣ ሽማግሌዎቹም መልሳቸውን ከውጤቷ ይሰማሉ። ታደለ ግን ያንኑ ቃል በሌላ ጆሮ ሰምቶታል። ካለፈች ትማራለች፣ ካላለፈች ትዳራለች፤ ለእሱ ነገሩ ተሰፍቶ አልቋል። አንድ አልጋ ላይ ተኝተን አንዱን ቃል ለሁለት ተካፍለነው ኖሯል። ሁለት እግር አለኝ ብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም ይላሉ፤ እኛ ግን በገዛ ልጃችን እግር ሦስት ዛፍ ልንወጣ ነበር።

ማስተዋል ወሬውን ከውጭ ሰምታ መጣች። ደብተሯን አስቀመጠችና፣ «እማየ፣ ሰውየው ከጅማ ቀጥሎ ነው?» አለችኝ። የቱ ሰውየ ብላት፣ «አንደኛ ማርቆስ፣ ሁለተኛ ጅማ ብለን አልነበር? ሦስተኛውን እናንተው ሞላችሁልኝ ማለት ነዋ» አለች። ልጄ፣ ጊዜ ለመግዛት ነው እንጂ ማን ይሰጥሻል አልኳት። «እንግዲህ እኔ ስወድቅ፣ እምወድቀው ሰው ላይ ነው» አለች። ከዚያ ተመልሳ ወደ ንባቧ።

ፈተናው የሚሰጠው ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ነው፤ የእኛ ልጆች ማርቆስ ደረሳቸው። አንደኛ ምርጫዋ! አውቶቡሶቹ ተደርድረው ልጆቹ ሲጫኑ እናቶች ሁሉ ወደ ጦር ሜዳ የምንሸኝ ይመስል አለቀስን፤ መንገዱን ለሚያውቅ ሰው ልቅሶው አልበዛም። ሐዋም ወንድ ልጇን ከዚያው አውቶቡስ አሳፍራለች። እሷ ዱዓ አደረገች፣ መምሬ ላቀው ቅያሜያቸውን ትተው መስቀላቸውን ይዘው መጡ። በዚህ እንኳ አንደኛና ሁለተኛ አላወጣንም።

ሰፈርተኛው በማግሥቱ ሱቄ እየመጣ፣ ልጅሽ ዩኒቨርሲቲ ገባች አሉ፣ እንኳን ደስ ያለሽ ይለኝ ጀመር። ገብታ ልትወጣ ነው ብል የሰማኝ የለም።

በደኅና ተመለሰች። ዩኒቨርሲቲ ምን ይመስላል አልኳት። «አልጋው ተደራራቢ ነው። እኔ ከላይ ነበርኩ፣ መስኮቱ አጠገብ። ጧት ስነሳ ፋርማሲ የሚል ሰሌዳ ይታየኝ ነበር» አለች። ፊቷ በርቶ ነበር፤ አልደብቃችሁም፣ የእኔም በራ። ፈተናውስ አልኳት። ጫማዋን እየፈታች፣ «ፊዚክሱ የመጣው መምህሩ ከቀረ በኋላ ካለው ገጽ ነው» አለች።

ውጤት በኢንተርኔት ይታያል ይባላል። ኢንተርኔት ደግሞ አዲስ አበባ ይታያል ይባላል። ስለዚህ መለያ ቁጥሯን ለወንድሜ በስልክ ነግረነው እሱ እንዲያይልን አደረግን። መስመር ተገኝቶ የደወለ ዕለት መጀመሪያ ጤናችንን ጠየቀ። ቀጥሎ የገበያውን ሁኔታ። ቀጥሎ ዝናቡ እንዴት ነው አለ። ስለ ዝናብ ሲጠይቅ ገባኝ። አዲስ አበባ ተቀምጦ የቢቸናን ዝናብ የሚጠይቅ ሰው ደኅና ወሬ የለውም።

ግማሽ አልሞላላትም። ከትምህርት ቤቷ ያለፈው በጣት የሚቆጠር ነው ተባለ፤ ጣቶቹን ያየ ሰው ግን እስካሁን አልገጠመኝም። ሰፈሩ እንደ ልማዱ ሊያጽናና ተነሳ። ግን ማን ወደ ማን ይሂድ? ለቅሶ ደራሹ ሁሉ ቤቱ ለቅሶ አለበት። እኔ ሐዋን ላጽናና ስወጣ፣ እሷ እኔን ልታጽናና ስትመጣ መንገድ ላይ ተገናኘን። እዚያው ተቃቅፈን ቆየንና ሁለታችንም ወደ ቤታችን ተመለስን።

ማስተዋል አላለቀሰችም። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኛች። ሲጠሯት ትመጣለች፣ ሲያቀርቡላት ትበላለች፤ ቃል ግን ከአፏ አልወጣ አለ። የሚያለቅስ ሰው ይባበላል፤ ዝም ያለን ሰው ምን ያደርጉታል? ስንት ወሬ ጀምሬ ስንቱን ለራሴ ጨረስኩት።

ትድገምና ትፈተን አልኩ ለታደለ። «የት ትምህርት ቤት? በየት መንገድ?» አለኝ። አሁንም ትድገም አልኩ። ቀና ብሎ አየኝ። «መንገድ ላይ ቀረች ብለው ከሚነግሩኝ፣ ሞጣ ሚስማር ትሸጣለች ቢሉኝ ይሻለኛል» አለ። ክፉ ሰው ቢሆን እንዴት በቀለለኝ! ክፉን መሳደብ ይቻላል። የፈራን አባት ምን ብለው ይሰድቡታል? ሰደብኩት ግን፤ ከልማድ።

ሽማግሌዎቹ በቀጠሯችን እንመጣለን ብለው ላኩ። ታደለ ዶሮ ገዛ፣ እኔ ጓዳ ገባሁ። ሽንኩርት እየከተፍኩ የምናገረውን ተለማመድኩ፤ ታደለ አፉን ሳይከፍት ቀድሜ ብቅ እላለሁ፣ ልጃችን ልትደግም ነው፣ አክብራችሁ መጥታችኋል፣ አክብራችሁ ተመለሱ እላለሁ። ከዚያ ባለቤቴ ከእኔ ጋር ይኳረፋል፣ ዘመድ ይሰበሰባል፣ መምሬ ላቀው ይገዝቱኛል፤ ይሁን። እንባዬን በሽንኩርቱ አመካኘሁ። ወጡ ላይ ደግሞ በርበሬ አብዝቼበታለሁ። በርበሬ ነጋዴ የሚበቀለው ባለው ነው።

መጡ። በር ላይ ቆሙ። ታደለ ግቡ አላቸው፤ አልገቡም። ኧረ ግቡ አለ፤ ድምፁ እንደ መቸኮል ብሎበታል። እኔ ቃሌን ጉሮሮዬ ላይ አድርጌ ብቅ ከማለቴ አቶ ይስማው ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣ «ዛሬ የመጣነው ልንጠይቅ አይደለም። የጠየቅነውን ልናነሳ ነው» አሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጁ እዚያው ሞጣ ላይ ሌላም ቤት ሽማግሌ ልኮ ኖሯል፤ ያው ሽማግሌ፣ ያው ጋቢ። የዚያ ቤት ልጅ ነርስነት ተምራ የመውጫ ፈተና ላይ ነበረች። አባቷም እንደ እኛው፣ ውጤቷ ይምጣና እንነጋገር ብለዋቸዋል። መጣ፤ አለፈች፤ አባትየው እሺ አሉ። «ባለፈው ውጤት እንጠብቃለን ያልናችሁ እሱን ነበር። እናንተን በቀጠሮ አስሮ መቅረት ነውር መስሎ ስለታየን ነው ይሄን መንገድ መምጣታችን» አሉ አቶ ይስማው።

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይባላል፤ የእኛን ለየት የሚያደርገው ቆጡም ባዶ፣ ብብቱም ባዶ መሆኑ ነው።

እኔስ? እኔማ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ጭንቄ ተነሳልኝ፣ ንግግሬ ሳይነካ ቀረ፣ ግዝቱ ቀረልኝ። ታዲያ ምን እንደተሰማኝ ታውቃላችሁ? ተናደድኩ! አልሰጥም ልል የመጣሁትን ልጅ አንፈልግም ይሉኛል? ምን ጎደላት ልጄ? ምን ቢያገኙባት ነው? ሰው ሲባል ጉድ ነው፤ እኔ ደግሞ ከጉዱም ከፍ ያልኩ።

የጠየቁትን ካነሱ ወዲያ መቀመጥ የሚከለክል ሥርዓት የለም። ታደለ ለሦስተኛ ጊዜ ግቡ አላቸው፤ ይኼኔ ገቡ። ምን ይደረግ፣ ዶሮው ተሠርቷል። መሶቡን አቀረብኩ። እጅ የሚያስታጥብ ሰው በዓይኔ ስፈልግ ማስተዋል ከውስጥ ወጣች። ማስታጠቢያውን ይዛለች፣ ፎጣው ክንዷ ላይ ነው፣ ጠጉሯ ተበጥሯል። ሽማግሌዎቹ ማን እንደሆነች ማንም ሳይነግራቸው አወቁ።

ከትልቁ ጀመረች። ጎንበስ ብላ አቶ ይስማው እጅ ላይ ውሃውን ለቀቀችና፣ ውጤቷ ከመጣ ወዲህ ለእናቷ እንኳ ያልተናገረች ልጅ፣ «አባባ፣ ያችኛዋ አንደኛ ከሆነች እኔ ሁለተኛ ነበርኩ ማለት ነው?» አለቻቸው።

ፊታቸው ውሸት አይሆንለትም ብያችሁ አልነበር? መዳፋቸውን ትክ ብለው አዩና፣ «እውነቱን ልንገርሽ፣ ልጄ፤ ሦስተኛ ነሽ። ሁለተኛዋ ደብረ ወርቅ ናት» አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብለው፣ «ስንመለስ እነሱም ቤት መቆማችን አይቀርም። ብዙ ባልበላ አትቀየሚኝ፣ የኔ እመቤት፤ እዚያም ዶሮ ሠርተው እየጠበቁን ነው» አሉኝ።

ማስተዋል ውሃውን ማፍሰሷን አላቆመችም። የሰውየው እጅ ግን ከነጻ ቆይቷል።